ብልህ፣ ብልጥና ጎበዝ
(ስለ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል አተረጓጐም)

አንድ ሰው ወደ ቤትህ መጥቶ «ልጅህ ብልህ ነው» ቢልህ ደስ ይልሃል። ሌላው መጥቶ «ልጅህ ብልጥ ነው» ቢልህ ደግሞ ፈገግ ትላለህ፤ ነገር ግን ከፈገግታው ቀጥሎ «ምን አድርጎ ይሆን?» የሚል ጥያቄ ወደ ልብህ ይገባል። ሦስተኛው መጥቶ «ልጅህ ጎበዝ ነው» ቢልህ፣ ልጁ ተማሪ እንደ ሆነ ፈተና ማለፉን፣ ገበሬ እንደ ሆነ እርሻውን ማሳመሩን ትረዳለህ። ሦስቱም ሰዎች እንግሊዞች ቢሆኑ ኖሮ በአንድ ቃል ይገላገሉ ነበር። ቃሉም «ክሌቨር» የሚባለው ነው።

እንዲህ ያለው ነገር የሰዋስው መምህራን ጉዳይ ብቻ ይመስላል። እኔ ግን የጠባይ ጉዳይም ነው እላለሁ። ሰው ልጁን ከሚያሳድግባቸው ነገሮች አንዱ የሚያመሰግንበት ቃል ነው። ልጅ በየትኛው ቃል ሲመሰገን እንደ ዋለ አይቶ ወደዚያው ያድጋል፤ ሐረግ ወደ ተተከለለት እንጨት እንደሚጠመጠም ማለት ነው። ስለዚህ የምስጋና ቃላችን ሲቀላቀል የልጆቻችንም መንገድ ይቀላቀላል።

በይጁቤ ተማሪ ሳለሁ የእንግሊዝኛ ቃላት የምንጽፍበት ደብተር ነበረን። ገጹን በማስመሪያ ለሁለት ከፍለን፣ በግራ እንግሊዝኛውን፣ በቀኝ አማርኛውን እናሰፍር ነበር። በግራ አንድ ቃል፣ በቀኝም አንድ ቃል። «ክሌቨር» በሚለው ትይዩ የጻፍሁት «ጎበዝ» የሚል ነው። ይህን ስል ያስተማሩኝን መምህር ለመውቀስ አይደለም፤ አንድ ክፍል ሙሉ ልጅ ይዞ ቃል ለማስጠናት ከዚያ የፈጠነ መንገድ አልነበራቸውም። ነገር ግን በገጹ መካከል የተሰመረው መስመር አንድ ስሕተት አስተምሮናል። ይኸውም እያንዳንዱ የባዕድ ቃል በአገራችን አንድ መንታ ወንድም አለው የሚለው ስሕተት ነው። የሁለት ቋንቋ ቃላት ግን መንታ አይደሉም፤ ጎረቤት ናቸው። ድንበራቸው ይነካካል እንጂ እርሻቸው አንድ አይደለም። ድንበሩን ያላወቀ ሰው ደግሞ የሰው ማሳ አርሶ ይገኛል።

እንግዲህ ድንበሩን እንለይ። አስቀድመን ከጎበዝ እንጀምር።

ጎበዝ ቀድሞ የጦርና የጉልበት ቃል ነው። ለአካለ መጠን የደረሰ፣ ልቡ የማይፈራ፣ ጋሻ ለመሸከም የበቃ ወጣት ጎበዝ ይባል ነበር። የጎበዝ አለቃ የሚባለውም የአንድ ቀበሌን መሣሪያ ያዥ ወጣቶች የሚመራው ሰው ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ. ም. ጠላት አገራችንን ወርሮ በነበረበት ዘመን ይህ ስም በጎጃም ሸንተረሮች ሲጠራ ኖሯል። ዛሬም ሰው ተሰብስቦ ሳለ አንዱ ተነሥቶ «ጎበዝ!» ብሎ ሲጣራ ቃሉ የጥንት መልኩን ያሳያል፤ «እናንተ ቆራጦች፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ» ማለቱ ነው። ዘመናዊ ትምህርት ቤት ከተስፋፋ ወዲህ ግን ቃሉ ጦሩን ጥሎ እርሳስ ያዘ። ጎበዝ ተማሪ፣ ጎበዝ ሐኪም፣ ጎበዝ ልብስ ሰፊ እንላለን። ለሴት ልጅም «ጎበዝ ናት» እንላለን፤ ይህም ቃሉ በማደጉ ያገኘው መልካም ነገር ነው።

ስለዚህ ጎበዝ ሥራን የሚመዝን ቃል ነው። የያዘውን ሥራ አሳምሮ የፈጸመ ጎበዝ ይባላል። ሥራው ምን እንደ ሆነ፣ ለምንስ እንደ ተሠራ ግን ቃሉ አይጠይቅም። ጎበዝ ሌባም አለና።

አሁን ወደ ሁለቱ ወደሚመሳሰሉት፣ ወደ ብልህና ወደ ብልጥ እንለፍ። ሁለቱም በ«ብል» ስለሚጀምሩ ብዙ ሰው የአንድ እናት ልጆች ያደርጋቸዋል። አይደሉም። ብልህ የግዕዝ ዘር ነው። በግዕዝ በልኀ ማለት ተሳለ፣ ስለታም ሆነ ማለት ነው፤ እንደ ሥሩ ሲጻፍም በብዙኃኑ ኀ ብልኅ ነው። ብልሃት የሚባለውም ከዚሁ ይወጣል። እንግዲህ ብልህ የተሳለ ሰው ነው። ስለት በቢላዋው በራሱ የሚገኝ ጠባይ ነው፤ ቢላዋ ስለታም ለመባል ደነዝ ቢላዋ አጠገቡ እንዲቀመጥ አያስፈልገውም። ብልህም እንዲሁ በረኻ ላይ ብቻውን ቢቀመጥ ብልህ ነው።

ብልጥ ግን የሌላ ቤት ልጅ ነው። ዝምድናው ከበለጠ፣ ከብልጫና ከመብለጥ ጋራ ነው። መብለጥ ደግሞ የሚበለጥ ይፈልጋል። ብልጥ ሰው በረኻ ላይ ብቻውን ቢቀመጥ ብልጠቱ ሥራ ያጣል፤ የሚበልጠው ሰው የለምና። ቋንቋችን ይህን ልዩነት እንዴት አድርጎ እንደ ጠበቀው ተመልከቱ። በገበያ የተታለለ ሰው ወደ ቤቱ ሲገባ «ዛሬ ተበለጥሁ» ይላል። በብልህ ሰው አጠገብ ውሎ «ተበለህሁ» ብሎ የከሰሰ ሰው ግን ከቶ ሰምተን አናውቅም። እንዲህ ያለ ቃልም የለንም። ብልጥ ተጎጂ አለው፤ ብልህ ተጎጂ የለውም። ሁለቱን ቃላት ለመለየት ሌላ ምስክር ባይገኝ ይህ አንዱ ይበቃ ነበር።

እኔን ግን ይህን ልዩነት ያስተማረኝ የቃላት ጥናት አይደለም፤ አንዲት አሮጊት ናቸው።

ዐሥራ ሦስት ዓመት ሲሆነኝ እናቴ ታማ ስለ ነበር ጤፍ እንድሸጥ ወደ ይጁቤ ገበያ ላከችኝ። የምሰፍረው በጣሳ ነው። አጠገቤ የተቀመጠ አንድ ጎልማሳ ሲሰፍር አየሁት። አራት ጣቶቹን ወደ ጣሳው ውስጥ አስገብቶ፣ አውራ ጣቱን በውጭ አድርጎ ይይዛል፤ ጣቶቹ የያዙትን ስፍራ ጤፍ አይሞላውም። ይህን አይቼ እኔም እንዲሁ አደረግሁ። ጥቂት ቆይቶ ነጠላቸው የተጣፈ አንዲት አሮጊት መጡና «አራት ጣሳ ስፈርልኝ» አሉኝ። ሰፈርሁላቸው። ጣቶቼን አዩ፤ ፊቴንም አዩ፤ ምንም አልተናገሩም። ገንዘቡን ከመቀነታቸው ፈትተው፣ ቆጥረው ሰጡኝ። ሲነሡ «ብልጥ ነህ ልጄ፤ ብልህ ያድርግህ» ብለውኝ ሄዱ።

እኔ ሁለቱን ቃላት አንድ አድርጌ ስለ ሰማኋቸው ሁለት ጊዜ የተመሰገንሁ መሰለኝ። ማታ የተረፈውን ጤፍ ለእናቴ እያሳየሁ ምርቃቱንም ነገርኋት። እናቴ ከተኛችበት ቀና ብላ «እንዴት ተረፈ?» አለችኝ። የጣቶቹን ነገር አልደበቅኋትም፤ እንደ ሙያ ቆጥሬው ነበርና። ብዙ ዝም ካለች በኋላ «የሰጡህ ምርቃት ብቻ አይደለም፤ ዕዳም አለበት» አለችኝ። የተረፈውን ጤፍ በጨርቅ ቋጥራ ለሚመጣው ገበያ አስቀመጠችው።

በሚመጣውም ገበያ፣ ከዚያም በኋላ በነበሩት ብዙ ገበያዎች ቋጠሮውን ይዤ ሴትዮዋን ፈለግኋቸው፤ አላገኘኋቸውም። ቋጠሮው በቤታችን ምሰሶ ላይ ተሰቅሎ ቀረ። ጤፍ እንደ ሌላው እህል አይነቅዝምና፣ ሳይበላሽ ለብዙ ዘመን ሲመሰክርብኝ ኖረ።

ይጁቤ መብለጥንና መበለጥን ማየት የጀመረችው በእኔ ዘመን አይደለም። ከደብረ ማርቆስ በስተደቡብ፣ ወደ ዓባይ በሚወርደው በባሶ ሊበን አገር ያለች ከተማ ናት። በ19ኛው መቶ ዓመት የባሶ ገበያ በጎጃም ካሉት ገበያዎች ሁሉ ዝነኛ ነበር። በ1840ዎቹ እ. ኤ. አ. በጎጃም የተዘዋወረው እንግሊዛዊ ቻርልስ ቢክ ስለዚህ ገበያ ጽፏል። ከዓባይ ማዶ ቡናው፣ ወርቁ፣ የዝሆን ጥርሱና ዝባዱ ይመጣ ነበር፤ ከወዲህ አሞሌ ጨውና ልብስ ይቀርብ ነበር። የሚያሳዝነው ግን ሰውም እንደ ዕቃ በዚያ ይሸጥ ነበር። የዚያን ጊዜ ብልጥ ነጋዴዎች የአሞሌን ስባሪ ከሙሉው፣ የጠራ ወርቅን ከተደባለቀው መለየት ያውቁ ነበር፤ የሚሸጡት ልጅም የእናት ልጅ መሆኑን ግን ብልጠታቸው አልነገራቸውም። ብልጠት ዋጋን ያስለያል፤ ክብርን አያስለይም። ይህ ከትርጉሙ የሚወጣ ጉድለቱ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ የሁለቱን ድንበር በጆሮህ ለመፈተን ብትፈልግ ቃላቱን በሰው ሙያ ላይ እየቀጠልህ ስማቸው። ብልህ ዳኛ የተሸሸገውን እውነት ያወጣል፤ ብልጥ ዳኛ የወጣውን እውነት ይሸሽጋል። ብልህ ነጋዴ የነገን ደንበኛ ያበጃል፤ ብልጥ ነጋዴ የዛሬውን ደንበኛ ይጨርሳል። ብልህ ተማሪ ያልገባውን ይጠይቃል፤ ብልጥ ተማሪ የገባው መስሎ ይቀመጣል። ጎበዝ ተማሪ ከሁለቱ አንዱን ሊሆን ይችላል፤ በውጤት ወረቀቱ ላይ ግን ልዩነቱ አይታይም። በተረታችንም ቢሆን ጦጣ ብልጥ ትባላለች እንጂ ብልህ ስትባል እምብዛም አይሰማም። አባቶች ሲተርቱ «ብልጥ ልጅ የሰጡትን ይዞ ያለቅሳል» ይላሉ፤ የተሰጠውንም ሳይለቅ ሌላ ለመጨመር ያለቅሳል ማለት ነው። «ብልጥ ለብልጥ ዐይን ብልጥጥ» ደግሞ ሁለት ብልጦች ሲገናኙ ከመተያየት በቀር የሚያተርፉት እንደሌለ ያስረዳል። ስለ ብልህ የተነገረው ተረት ግን «ብልህ ከሰው ይማራል፤ ሞኝ ከራሱ» የሚል ነው። ብልጥ ከሰው ይወስዳል፤ ብልህ ከሰው ይማራል። ተማረ ማለት ደግሞ ከሰውየው ሳያጎድሉ መውሰድ ነው።

ከእነዚህ ሌላ በዚሁ ሰፈር የሚኖሩ ቃላት ብዙ ናቸው። ጮሌ የፈረስ ቃል ነው፤ ፍጥነትን ያመሰግናል፣ ወዴት እንደሚሮጥ ግን አይናገርም። አዋቂ ብዙ የሚያውቅ ነው፤ ይሁን እንጂ «አዋቂ ቤት ሄደ» ሲባል ነገሩ ወደ ጥንቆላ ይዞራል። ጠቢብ ከጥበብ የመጣ ታላቅ ቃል ነው፤ ከዚሁ የተዛመደው ጠይብ ግን በየአገሩ ብረት ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪዋን ለመስደብ ሲያገለግል ኖሯል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ. ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። አንድ ሕዝብ የጥበብን ስም ስድብ ሲያደርገው፣ ማረሻ የሚሠራለትን እጅ መናቁ ነው። ልባም ከልብ የወጣ ነው። በእኛ ዘንድ ልብ የፍቅር ቤት ብቻ ሳይሆን የማስተዋልም ቤት ስለ ሆነ፣ «ልብ በል» ስንል «አስተውል» ማለታችን ነው። አስተዋይ ደግሞ ከመናገሩና ከማድረጉ በፊት ቆም ብሎ የሚያይ ነው። ሰሎሞን ንጉሥ በሆነ ጊዜ የለመነው አስተዋይ ልቡና ነው እንጂ ብልጠት አይደለም።

የተርጓሚ ምርጫ ምን ያህል ኃይል እንዳለው ለማየት አንድ ምሳሌ እናንሣ። በ1954 ዓ. ም. በታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ፣ በኦሪት ዘፍጥረት ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ እባብ ተንኰለኛ ተብሏል። በማቴዎስ ወንጌል ዐሥረኛው ምዕራፍ ላይ ግን ደቀ መዛሙርት እንደ እባብ እንዲሆኑ ሲታዘዙ፣ የእባቡ ጠባይ ልባምነት ተብሏል። እባቡ ያው እባብ ነው። በግሪክኛው ብሉይ ኪዳንና በግሪክኛው ወንጌል በሁለቱም ስፍራ የሚገኘው ፍሮኒሞስ የሚባለው አንድ ቃል ነው። የእኛ ተርጓሚዎች ግን ክፉ የሠራበትን ለይተው ተንኰል፣ መልካም የሚሠራበትን ለይተው ልባምነት ብለው ሰየሙት። ይህን ምርጫ ልንነቅፈው እንችላለን፤ ምክንያቱም አንድ የነበረውን ጠባይ ሁለት ስላደረገው፣ ጠላት የተጠቀመበትን ያንኑ ስለት ለመልካም ልንይዘው እንደ ታዘዝን አንባቢው በቀላሉ አያየውም። ልናመሰግነውም እንችላለን፤ ምክንያቱም አማርኛ እንደ ግሪክኛው ሥራውን ሳይመረምር ስለቱን ብቻ መጥራት እንደማይወድ ያሳያል። እኔ ምስጋናው ይበልጣል እላለሁ። ይሁን እንጂ አንባቢ ሁለቱን ምዕራፎች አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ ቢያነባቸው ይጠቅመዋል።

ይህ መደባለቅ የእኛ ብቻ እንዳይመስለን ወደ እንግሊዝኛውም እንይ። ሳሙኤል ጆንሰን በ1755 እ. ኤ. አ. ባሳተመው ዝነኛ መዝገበ ቃላት ውስጥ «ክሌቨር» የሚለውን ቃል ዝቅተኛና ፍቺው ያልረጋ ብሎ ነቅፎታል። እንግዲህ እኛ በደብተራችን በአንድ ቃል ልናስረው የሞከርነውን፣ የቋንቋው ሊቅ ራሱ የሚታሰር ሆኖ አላገኘውም ነበር። ሌሎችም የዚያ ቋንቋ ቃላት ብዙ ተጉዘዋል። «ካኒንግ» የሚባለው ቀድሞ ማወቅ ማለት ነበር፤ ዛሬ አታላይነት ሆኗል። «ክራፍቲ» ከሙያ የወጣ ነው፤ ዛሬ ተንኰለኛ ማለት ነው። «ሽሩድ» ደግሞ በተቃራኒው ከክፉነት ተነሥቶ ወደ ምስጋና ወጣ። «ስማርት» መጀመሪያ የሚያቃጥል ሕመም ስም ነበር፤ ዛሬ ለአእምሮም፣ ለልብስ አማሪም፣ ለስልክም ይነገራል። ከዚህ የምንማረው ቃል እንደ ውኃ መሆኑን ነው። ሰዎች በጠባያቸው ቦይ ሲቀድዱለት ወደዚያው ይፈሳል። እንግሊዞች ዐዋቂነትን ለማታለል በተጠቀሙበት ቁጥር የዐዋቂነታቸው ቃል የማታለል ስም ሆነ።

እኛስ ቃላችንን ወዴት እያፈሰስነው ነው? በዚህ ጽሑፍ ዋናው ነገር ይህ ነው።

ዛሬ በከተማ ወጣት ዘንድ ከሁሉ የሚበልጠው ምስጋና አራዳ መባል ነው። አራዳ በዐፄ ምኒልክ ዘመን የአዲስ አበባ ታላቅ ገበያ የነበረበት ሰፈር ስም ነው። የገበያ ልጅ ቶሎ ይነቃልና፣ የሰፈሩ ስም የጠባይ ስም ሆነ። ተቃራኒው ፋራ ነው፤ በአብዛኛው ለገጠር ልጅ የሚሰጥ ስም ነው። አራዳ በመልካም ጎኑ ጨዋታ ዐዋቂ፣ ሰው የማያስቀይም፣ በችግር የማይደናገጥ ሰው ነው፤ ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ቃሉ ቀስ በቀስ ወደ ብልጥ እየተጠጋ፣ ሰልፍ ያቋረጠም አራዳ፣ ዕዳውን ያልከፈለም አራዳ ይባልበት ጀምሯል።

ከዚህም የከፋው በየዋህ ላይ የደረሰው ነው። የዋህ በመጽሐፍ የተመሰገነ ቃል ነው፤ ከእባቡ ልባምነት ጋራ በአንድ ቁጥር የታዘዘው የርግብ ጠባይ ነው። ዛሬ ግን አንድ ሰው «እሱ እኮ የዋህ ነው» ሲባል ብዙ ጊዜ የሚከተለው ማዘን ነው። የዋህ ማለት የሚታለል፣ ያልነቃ፣ ለሞኝ የቀረበ ማለት እየሆነ ሄዷል። ወጣቶች ሆይ፣ ይህን ነገር ልብ በሉት። ብልጥ ወደ ምስጋና በወጣ መጠን የዋህ ወደ ስድብ ይወርዳል፤ ሁለቱ እንደ ሚዛን ጣባዎች ናቸውና። የማያታልልን ሰው የምናመሰግንበት ቃል ካጣን ግን፣ የማያታልል ሰው ለመሆን የሚደክም ልጅ ከየት እናገኛለን?

የጎጃሙ ተወላጅ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ. ም. ባሳተሙት በፍቅር እስከ መቃብር ውስጥ ይህን ነገር በአንድ ሰው ላይ አሳይተውናል። ጉዱ ካሣ በዚያ መጽሐፍ ካሉት ሰዎች ሁሉ አርቆ የሚያየው ነው። የዘመኑ ሥርዐት ወዴት እንደሚያመራ ያውቃል፤ የትልልቆቹን ስሕተት በፊታቸው ይናገራል። ነገር ግን ዕውቀቱን ለራሱ ጥቅም አልሸጠውም፤ ለባለ ሥልጣን በማጎብደድ ሹመት ወይም መሬት አላገኘበትም። ስለዚህ አገሬው ብልህ ሳይሆን «ጉዱ» ብሎ ጠራው። ብልጥ የሆነ ብልህ ቢሆን ኖሮ ካሣ ዳምጤ ተብሎ በክብር በኖረ ነበር። አንድ ማኅበር ብልጠት የሌለበትን ብልህነት ሲያይ እብደት ከመሰለው፣ የታመመው ሰውየው ነው ወይስ ማኅበሩ?

ስለ ቃል ምርጫ ስንናገር በዘመናችን የመጣውንም አዲስ ነገር ሳንጠቅስ አናልፍም። እንደ ሰው ለጥያቄ የሚመልሰውን፣ የሚጽፈውንና የሚሥለውን መኪና «ሰው ሠራሽ አስተውሎት» ብለን ሰይመነዋል። ትርጉሙ ለጆሮ ያምራል፤ የባዕዱን ቃል እንዳለ ከመቅዳትም ይሻላል። ነገር ግን እላይ እንዳልነው ማስተዋል ማለት ቆም ብሎ፣ የሚመጣውን አይቶ፣ ለሚሠሩት ነገር ኀላፊ መሆን ነው። መኪናው ፈጣን ነው፤ ብዙ አንብቧል፤ ስላነበበው ግን የሚያፍርበት ፊት የለውም። ስለዚህ እኔ ብመረጥ ሰው ሠራሽ ብልሃት ማለትን እመርጥ ነበር። ብልሃት ስለትን ያመለክታል፤ ስለቱን የሚይዘው እጅ የማን እንደ ሆነም እንድንጠይቅ ያደርገናል። አስተውሎትን ግን ለመኪና ከሰጠን በኋላ ለራሳችን የሚቀረን ቃል የትኛው ነው?

በዚህ ስፍራ አንድ አንባቢ «አንተ ብልጥን አብዝተህ ነቀፍህ። ድኻ ገበሬ ወደ ገበያ ሲወጣ ደላላው፣ ሚዛኑ፣ ዋጋው ሁሉ ይጠብቀዋል፤ ብልጥ ካልሆነ ልብሱን አውልቀው ይሰዱታል። እናት ልጇን ወደ አዲስ አበባ ስትልክ ‹ብልጥ ሁን› ትለው የለምን?» ይለኝ ይሆናል። እውነቱን ነው፤ ትለዋለች። ገና አፉን የሚፈታ ሕፃን እናቱን በሣቅ አታሎ ማር ሲያስቀዳም «እንዴት ያለ ብልጥ ነው!» ብለን እንስመዋለን፤ በዚህ ቃል ውስጥ ክፋት የለም። እኔ የምለው ብልጠትን ማወቅ ሌላ፣ በብልጠት መኖር ሌላ ነው ነው። ጣት በጣሳ ውስጥ እንደሚገባ ያላወቀ ገዢ ይጎዳል፤ ስለዚህ ይወቅ። አውቆ ግን ጣቱን ከራሱ ጣሳ ያውጣ። እኔን የመረቁኝ አሮጊት ጣቶቼን አይተዋል፤ ሞኝ አልነበሩም። የብልጥነቴን ስም አልደበቁም፤ በዚያው አልተዉኝም ደግሞ። በሦስት ትንፋሽ ዳኝነትም ምሕረትም ሰጥተውኛል። ብልህ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው፤ ብልጠትን ያውቃል፣ አይኖርበትም።

እንግዲህ ተማሪው ምን ያድርግ? በመጀመሪያ ያንን በገጽ መካከል የተሰመረውን መስመር ይደምስስ። ቮልፍ ሌስላው በ1973 እ. ኤ. አ. ባሳተመው የእንግሊዝኛና የአማርኛ መዝገበ ቃላት፣ ቃሉን ለብቻው ሳይሆን በዐረፍተ ነገር ውስጥ እያስገባ ማቅረቡ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ቃል በዐረፍተ ነገር ውስጥ ሲገባ ከማን ጋራ እንደሚውል ይታያል፤ ሰውም ቃልም በውሎው ይታወቃል። ስለዚህ በደብተራችሁ «ክሌቨር» በሚለው ትይዩ አንድ ቃል አትጻፉ። ክሌቨር የተባለው ማን ነው? ምን አድርጎ ነው? የተጎዳ ሰው አለ ወይስ የለም? ሥራውን አሳምሮ ከሆነ ጎበዝ በሉ፤ ችግር ፈትቶ ከሆነ ብልህ በሉ፤ ሰው በልጦ ከሆነ ብልጥ በሉ፤ ሰው ጎድቶ ከሆነ ደግሞ ሳትፈሩ ተንኰለኛ በሉ።

ጎጃም የቅኔ አገር ነው። በዋሸራና በጎንጅ፣ በደብረ ኤልያስም የነበሩ መምህራን በአንድ ቃል ውስጥ ሰሙን ከወርቁ ለመለየት ሌሊት ሲያወጡና ሲያወርዱ ያድሩ ነበር። አንዲት ፊደል ስትጠብቅና ስትላላ ትርጓሜው እንዴት እንደሚዞር ያውቁ ነበር። የእነዚያ ሊቃውንት አገር ልጆች ሆነን ብልህን ከብልጥ ሳንለይ ብንቀር ያሳፍራል። ቅኔ ለሌላቸው ሕዝቦች ይህ ስሕተት ሊታለፍ ይችላል፤ ለእኛ ግን አይታለፍም።

እኔ ያችን የጤፍ ቋጠሮ ለባለቤቷ መመለስ አልቻልሁም። የምችለው በመክሊቴ መጠን ቃሏን መመለስ ነው። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ የምትጨርሱ ወጣቶች ሁሉ፣ ያን ቀን በይጁቤ ገበያ የተቀበልሁትን ለእናንተም አቀብላለሁ። ጎበዝ መሆናችሁን አያለሁ፤ ዘመኑም ብልጥ ሳያደርጋችሁ አልቀረም፤ ብልህ ያድርጋችሁ።